ወረቀት የያዘ ወንበዴ፦ በድሮዋ አውሮፓ መርከብህ ቢቀማ ማንን ትከሳለህ?

ወደብ_ናፋቂ

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ትናንት ከጓደኛዬ ጋር ቡና ላይ ተከራክረን ሳንግባባ ተለያየን። እስቲ ገላግሉን። እኔ ያልኩት ይሄን ነው፦ በ1600ዎቹ አውሮፓ አንዱ ባህር ላይ መርከብህን ቢቀማህ፣ ቀሚው ወንበዴ ይባል ወይስ ጀግና የሚወሰነው በኪሱ በያዘው ወረቀትና ችሎቱ ባለበት ከተማ ነው። እሱ ደግሞ «ሌባ መቼም ሌባ ነው፣ ዳኛ እንዴት ይሄ ይጠፋዋል?» አለኝ።

ምሳሌዬ «ሳንታ ካታሪና» ናት። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1603፣ ከዛሬዋ ሲንጋፖር አጠገብ። ግዙፍ የፖርቱጋል መርከብ ከማካው ተነስታ ወደ ማላካ እየሄደች ነው። የቻይና ሐርና የቻይና ሸክላ እስከ አፍንጫዋ ተጭናለች። ያኮብ ፋን ሄምስኬርክ የሚባል ሆላንዳዊ አድፍጦ ጠበቃትና ቀኑን ሙሉ በመድፍ ደበደባት። ግን ብልጥ ነው፣ ሸራዋን እንጂ ገላዋን አትምቱ ብሎ አዟል፣ ዕቃው እንዳይበላሽበት። ሲመሽ እጅ ሰጠች። ሰዎቹን በሰላም ወደ ማላካ ሸኛቸው፣ መርከቧንና ጭነቷን አስቀረ። አምስተርዳም ላይ በጨረታ ሲሸጥ ከ3 ሚሊዮን ጊልደር (የሆላንድ ገንዘብ) በላይ አወጣ። ለማነጻጸር፣ አሠሪዎቹ የተጠቃለሉበት የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1602 ሲቋቋም የሰበሰበው ካፒታል በሙሉ 6.4 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በአንድ ቀን ሥራ የኩባንያውን ግማሽ!

ከዚያ ነገሩ አምስተርዳም የአድሚራልቲ ፍርድ ቤት፣ የባህር ጉዳይ የሚያየው ችሎት ማለት ነው፣ ቀረበ። ሴፕቴምበር 1604 ላይ ተፈረደ፦ «ሕጋዊ ምርኮ»። በቃ። ያው ፍርድ ቤት ሊዝበን ቢሆን ሄምስኬርክ ገመድ ነበር የሚጠብቀው። ተሳሳትኩ?

ባላምባራስ

አልተሳሳትክም፣ የቀማኛ ዳኛ ቀማኛ ነው። ቀጣይ ጥያቄ 😀

ዳኛው_ይፍረደኝ

ባላምባራስ ቀልድህን ተውና ትንሽ እንነጋገር፣ ጉዳዩ ከዚህ ትንሽ ይወሳሰባል።

አንደኛ፣ ኩባንያው ውስጥ ራሱ ሁሉም ደስ አላለውም። ባለአክሲዮኖቹ መሐል ሜኖናይቶች ነበሩ፣ በሃይማኖታቸው ጦርነትን የሚጠየፉ። «በግፍ የመጣ ትርፍ አንፈልግም» አሉ። ስለዚህ ኩባንያው ፍርዱ ብቻ አልበቃውም፣ ሰው የሚያሳምን ጽሑፍ ፈለገ። የቀጠረው ማንን መሰላችሁ? ሆላንዳዊውን የሕግ ሰው ሁጎ ግሮቲየስን። ያኔ ገና የ21 ዓመት ልጅ ነው! ልጁ ቁጭ ብሎ ስለ ምርኮ ሕግ ወፍራም መጽሐፍ ጻፈ። ክርክሩ ባጭሩ፦ ፖርቱጋሎች ባህሩን የኛ ነው ብለው ንግድ ከልክለዋል፣ 1601 ላይ ማካው ውስጥ 17 የሆላንድ መርከበኞችን ገድለዋል፣ ዳኛ በሌለበት ባህር ደግሞ የተበደለ ሰው ራሱ ፈራጅ ይሆናል።

መጽሐፉን ግን አላሳተመውም። አንዷን ምዕራፍ ብቻ ነጥሎ በ1609 አወጣት፣ «ነፃ ባህር» የምትለዋን። ዛሬ የዓለም አቀፍ ሕግ አባት የሚያሰኙት ሥራዎች አንዷ እሷ ናት። የቀረው ጽሑፍ ተቀምጦ ተቀምጦ በ1864 ጨረታ ላይ ብቅ አለ፣ በ1868 ታተመ። አስቡት፣ «ባህር የሁሉም ነው» የሚለው ትልቅ መርህ የተወለደው አንድ ኩባንያ የቀማውን ሐር እንዳይመልስ ጠበቃ ሲቀጥር ነው።

ሁለተኛ፣ ወረቀት ያልከው ራሱ ብዙ ዓይነት ነው። ማታ እመለስበታለሁ፣ አሁን ሥራ ላይ ነኝ።

ሰናይት_ዘሆላንድ

ዳኛው፣ ጥሩ አድርገህ ነው የጻፍከው። እኔ የምጨምረው ቀጣዩን አስቂኝ ክፍል ነው። ግሮቲየስ በ1613 ለድርድር ለንደን ሄደ። እንግሊዞች «እኛም ቅመም ደሴቶቹ ጋ እንነግድ፣ ለምን ትከለክሉናላችሁ?» ሲሉ ሆላንዶች «አይ፣ እዚያ ከሕዝቡ ጋር ውል አለን» ይላሉ። እንግሊዞቹ ታዲያ ምን ጠቀሱ? የራሱን የግሮቲየስን መጽሐፍ! ባህር ነፃ ነው ያልከው አንተ አይደለህ እንዴ ብለው። በገዛ በትሩ ማለት ይሄ ነው።

ደግሞ እዚህ ሙዚየም ስትገቡ ከዚያ ዘመን የመጣ ሰማያዊና ነጭ የቻይና ሸክላ «ክራክ» ይባላል። ከፖርቱጋል ትልልቅ መርከቦች ስም የመጣ ነው ይላሉ። እኔ መጀመሪያ ሳየው የስኒ ስብስብ መስሎኝ ነበር ያለፍኩት። የተቀማ ዕቃ መታሰቢያ መሆኑን ማን ነግሮኝ።

አንድ_ለመንገድ

ጥያቄ አለኝ። ሆላንድና ፖርቱጋል ጠላት ናቸው እሺ። ጠላት ያልሆነ ነጋዴ ቢቀማስ? ዝም ብሎ ሐምሌና ነሐሴን ሲያለቅስ ይከርማል?

ዳኛው_ይፍረደኝ

ተመለስኩ። ወንድሜ አንድ_ለመንገድ፣ ጥያቄህ ዋናው ነው።

በድሮው ልማድ የተቀማ ነጋዴ መጀመሪያ ቀሚው አገር ሄዶ መክሰስ አለበት። እዚያ ፍትሕ ካጣ ወደ ራሱ ንጉሥ ተመልሶ «የበቀል ደብዳቤ» ይጠይቃል። ደብዳቤው ምን ይፈቅድለታል? ከዚያ አገር ሰው፣ ከማንኛውም ሰው፣ የጠፋበትን ያህል ባህር ላይ መውሰድ። ቀሚህን አይደለም፣ የቀሚህን አገር ልጅ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይሄ ነው። ያ የተቀማው ንጹሕ ሰው ደግሞ ወደ ንጉሡ ሄዶ እሱም ደብዳቤ ይጠይቃል። ማለቂያ አለው?

በጦርነት ጊዜ የሚሰጠው ፈቃድ ይለያል። የግል መርከብ መድፍ ጭኖ የጠላትን የንግድ መርከብ አሳዶ እንዲይዝ መንግሥት ይፈቅድለታል። ግን የያዘው ዕቃ ወዲያው የሱ አይሆንም፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። መርከቧን ወደብ አምጥቶ ፍርድ ቤት ማስፈረድ አለበት። እንግሊዝ ውስጥ ጉዳዩን የሚያየው የአድሚራልቲ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነበር፣ ጠበቆቹም የሮማ ሕግ የተማሩ ለየት ያሉ ሰዎች ናቸው። መርከቧ ላይ ያለው ወረቀት ሁሉ ተሰብስቦ ይቀርባል። የተያዙት ካፒቴንና መርከበኞች አስቀድሞ የተዘጋጀ የጥያቄ ዝርዝር ይጠየቃሉ። የት ተወለድክ? ሚስትህ የት ትኖራለች? የመርከቧ ባለቤት ማነው? ባህር የተጣለ ወረቀት አለ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ወጥመድ ናት። ወረቀት በእርሳስ ጠቅልሎ ማስጠም የተለመደ ነበር፣ ያን ማድረግህ ከታወቀ ግን ገና ሳትናገር ግማሹን ተሸንፈሃል።

«የኔ ነው» የሚል ባለዕቃ ነው ማስረዳት ያለበት፣ ለወጪም ዋስ ይጠራል። ከተፈረደበት መርከቧ ትሸጣለች፣ ብዙ ጊዜ በሻማ ጨረታ። ትንሽ ሻማ ይለኮሳል፣ እሳቱ ሲጠፋ የመጨረሻው ዋጋ የጠራ ወሰደ።

አሁን ገለልተኛውን ነጋዴ እንይ። የጠላት ዕቃ የወዳጅ መርከብ ላይ ቢገኝስ? የሜዲትራኒያን ነባር ልማድ መካከለኛ ነው፦ ዕቃውን ውሰድ፣ መርከቧን ልቀቅ፣ ለካፒቴኑ የጭነት ኪራዩን ክፈል። የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ የ1681 የባህር ድንጋጌ ግን ከፋ። የጠላት ዕቃ የጫነች መርከብ ራሷም ትወረሳለች አለ። ሆላንዶች ደግሞ ሥራቸው የሰው ዕቃ መጫን ነውና ከየአገሩ ጋር በሚዋዋሉት ላይ «መርከቧ ነፃ ከሆነች ጭነቷም ነፃ ነው» የሚል አንቀጽ ለማስገባት ይሟገቱ ነበር። ስለዚህ አንዲት መርከብ በአንድ ጉዞ ሦስት ዓይነት ሕግ ውስጥ ታልፋለች። ካፒቴኖች ሁለት ሦስት ዓይነት ወረቀት ቢይዙ ይፈረድባቸዋል?

ባላምባራስ

ሦስት ዓይነት መታወቂያ ማለት ነው እንዴ። ኧረ ይሄስ እኛም ሰፈር አለ።

የታሪክ_ጥማት

ሦስት ዓይነት ወረቀት ከተነሣ የካፒቴን ኪድን ነገር እንዴት ዘለላችሁት?

ዊልያም ኪድ በ1696 ከእንግሊዝ ንጉሥ ፈቃድ ተቀብሎ ወጣ፣ የፈረንሳይ መርከብ እንዲይዝና ወንበዴ እንዲያሳድድ። ወጪውን የሸፈኑት ለንደን ያሉ ትልልቅ ጌቶች ናቸው፣ ስማቸውን ግን ፊት ለፊት አላወጡም። ጃንዋሪ 1698 ላይ በሕንድ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ «ኬዳ መርቻንት» የምትባል መርከብ አገኘ። የፈረንሳይ ባንዲራ አውለበለበ፣ ተንኮል ነው። መርከቧም ፈረንሳይ መሰለቻትና የፈረንሳይ የይለፍ ወረቀት አሳየች። ኪድ «ያዝኩሽ!» አለ። ችግሩ ካፒቴኗ እንግሊዛዊ ነው፣ ጭነቱ የአርመን ነጋዴዎች ነው፣ ከዕቃው ከፊሉ ደግሞ ያኔ ሕንድን ይገዛ የነበረው የሙጋል ቤተ መንግሥት ትልቅ ሹም ነው። ከዚህ በላይ ምስቅልቅል አለ?

ሙጋሎቹ ተቆጡ፣ የእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ንግዱ ሊዘጋበት ሆነ፣ ኪድም ባንድ ጀምበር ወንበዴ ተባለ። በ1699 ቦስተን ላይ ያሳሰረው ገዥው ቤሎሞንት ነው። ማን መሰላችሁ ቤሎሞንት? ከገንዘብ አውጪዎቹ አንዱ! ኪድ የፈረንሳይ ወረቀቶቹን ያስረከበውም ለሱ ነበር። ሜይ 1701 ለንደን ችሎት ላይ «ወረቀቶቼን አምጡልኝ» ቢል ቢል የሉም ተባለ። ሜይ 23 ቀን ቴምዝ ዳር ተሰቀለ። የመጀመሪያው ገመድ ተበጠሰ፣ ደግመው ሰቀሉት። ወረቀቶቹስ? ከ200 ዓመት በኋላ ለንደን መዝገብ ቤት ውስጥ ተገኙ። እዚያው ነበሩ።

ወደብ_ናፋቂ

ይኸው! ጓደኛዬ ይሄን ያንብብ። ወረቀቱ ቢቀርብ ኖሮ ጀግና ነበር።

ዳኛው_ይፍረደኝ

ቆይ፣ ቆይ። እዚህ ላይ አልስማማም። ወረቀቱ ቢገኝም ኪድ የሚተርፍ አይመስለኝም። አንደኛ፣ የተፈረደበት በመቀማት ብቻ አይደለም፣ የራሱን መርከብ መድፈኛ በባልዲ መትቶ በመግደልም ነው። ያ ብቻውን ያሰቅላል። ሁለተኛ፣ ቅድም ያልኩትን አስታውሱ፣ ምርኮ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ አይነካም። ኪድ ከጭነቱ ብዙውን እዚያው ሕንድ ዳርቻ ሸጦ ከሰዎቹ ጋር ተካፍሏል። ፈቃድ ያለው ሰው ይሄን ካደረገ ፈቃዱ አያድነውም። ስለዚህ ወደብ_ናፋቂ፣ «ወረቀት ብቻ» አትበል። ወረቀትና ሥርዓት በል።

የታሪክ_ጥማት

ሥርዓቱን ቢያሟላስ ጌቶቹ ያድኑት ነበር? ፓርላማ ውስጥ ተቃዋሚዎቻቸው ኪድን ይዘው ሊጥሏቸው ነበር የፈለጉት። ሰውየው ሲሞት የተረፉት እነሱ ናቸው። በሥርዓቱ ልክ ብትሆንም እኔ ያን ችሎት ችሎት አልለውም።

አንድ_ለመንገድ

አንድ ሰው ስለ ተበላሸ መርከብ ይንገረኝ። ሁላችሁም ቀማኛ ላይ ቀራችሁ። ማዕበል መትቶት ዕቃ የተጣለበት ነጋዴ ማንን ይከስሳል፣ እግዜርን?

ትራንዚተሩ

ልጆች ሰላም ናችሁ። እኔ ታሪክ አላውቅም፣ በሥራዬ ግን 20 ዓመት የጂቡቲን ወረቀት ስገላብጥ ኖሬያለሁ። አንድ_ለመንገድ የጠየቀውን መልስ ዛሬም እንሠራበታለን።

መርከብ ልትሰጥም ስትል ካፒቴኑ ከጭነቱ ያስጥላል። የአንተ ተጣለ፣ የኔ ተረፈ። የኔ የተረፈው ያንተ ስለተጣለ ነው፣ አይደል? ስለዚህ ሁላችንም እናዋጣለን። መርከቡና ጭነቱ ባንድ ላይ 100,000 ያወጣሉ እንበል፣ የተጣለው 10,000 ከሆነ፣ እያንዳንዱ ካለው ላይ ከመቶ 10 ያዋጣል። የመርከቡ ባለቤትም ያዋጣል። ዕቃው የተጣለበትም ሰው ድርሻውን ይሸከማል። «ጄኔራል አቬሬጅ» እንለዋለን። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የራሳችን የባህር ሕግ ውስጥም አለ።

አንድ ደንበኛ ነበረኝ፣ ከካናዳ ጠቅልሎ የሚገባ። የቤት ዕቃውን ኮንቴነር ውስጥ ከቶ ላከ። ኢንሹራንስ አልገባም፣ «አልጋና ፍሪጅ ምን ይሆናል» ብሎ። መንገድ ላይ መርከቡ እሳት ተነሳበት፣ በውሃ አጠፉት። የሱ ኮንቴነር ምንም አልሆነም፣ ጭስ እንኳን አልነካውም። ታዲያ ዕቃህን ከመውሰድህ በፊት መያዣ ገንዘብ አስቀምጥ ተባለ። ሰውየው እኔ ላይ ጮኸ። «ያልተቃጠለ ዕቃ ተይዞ የተቃጠለ ሰው ዕዳ እንዴት እከፍላለሁ?» አለኝ። ሕጉ ከሮማ በፊት ጀምሮ ያለ ነው ብለው ማን ይሰማኛል።

ሰናይት_ዘሆላንድ

ጋሼ ትራንዚተሩ፣ እርስዎ «ታሪክ አላውቅም» ብለው ከሁላችንም የበለጠ ታሪክ ነገሩን። ልክ ነዎት፣ ሮማውያንም ራሳቸው «የሮዶስ ሕግ» ነው፣ የግሪኳ ደሴት፣ ብለው ነው የተቀበሉት። በ1600ዎቹ በጣሊያን ወደቦች፣ ሊቮርኖና ጄኖቫ ላይ ካፒቴኑ ወደብ እንደደረሰ ቃሉን ያስመዘግብ ነበር፣ ማዕበሉ የት ያዘን፣ ምን ጣልን፣ መርከበኞቹን አማክሬያለሁ ወይ። ጭቅጭቁ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው። ነጋዴው «አሮጌ መርከብ ይዘህ ወጥተህ ምሰሶህ በራሱ ቢሰበር ለምን አዋጣለሁ?» ይላል። ካፒቴኑ «እኔ ነኝ ሁላችሁንም ለማዳን የቆረጥኩት» ይላል። ምሰሶውን ነፋስ ከሰበረው የባለመርከቡ ኪሳራ ነው። በመጥረቢያ ከተቆረጠ የሁሉም ነው። እንግዲህ ባህር መሐል ማን አየ? መርከበኞቹ ደግሞ ደመወዛቸው ከካፒቴኑ ነው።

የፊደል_ዘመድ

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ አሁን ግን አላስቻለኝም። ይሄ ትምህርት ቤት ውጤት የምናሰላበት «አቬሬጅ» የሚባለው ቃል ከዚሁ ከመርከብ ጉዳት የመጣ ነው። ጣሊያኖች «አቫሪያ» ይሉታል፣ እነሱ ደግሞ ከአረብኛው «ዐዋር» ነው የወሰዱት፣ በዕቃ ላይ የደረሰ ጉድለት፣ ጉዳት ማለት ነው። ኪሳራው ለሁሉም እንደየድርሻው ስለሚከፋፈል ቃሉ ቀስ በቀስ ለሒሳቡ ሆነ። የአረብኛው ሥር ዐ-ወ-ረ ነው። አንድ ዓይና ሰው «አዕወር» ይባላል። አሁን ግዕዙን አስቡ፣ «ዐወረ»፣ «ዕውር»! የኛው ዕውር የአቬሬጅ የሥጋ ዘመድ ነው። የሒሳብ አስተማሪዬ ይሄን ቢሰማ።

ባላምባራስ

የኔ አቬሬጅማ ድሮም ዕውር ነበር።

ኩኩ

😂😂 ባላምባራስ።

እኔ የምወደው የድመቷን ሕግ ነው። በእንግሊዝ በ1275 የወጣ ሕግ አለ። መርከብ ተሰብሮ ዳርቻ ሲወጣ ዕቃው ለንጉሡ ወይ ለባላባቱ ይሆናል። ግን ከመርከቡ ሰው፣ ውሻ ወይም ድመት በሕይወት ካመለጠ «ስብራት» አይባልም፣ ባለቤቱ መጥቶ ይጠይቃል። እስቲ አስቡት፣ አንዲት ድመት ስትዋኝ መውጣቷ ሙሉ ጭነት ያድናል። የዳርቻው ሰው ድመቷን ሲያይ ምን እንደሚያስብ ይታያችሁ።

ሕጉ ለብዙ መቶ ዓመት ቆየ። በ1771 ነው ዋና ዳኛ ማንስፊልድ ድመቷ ማስረጃ እንጂ ዋና ነገር አይደለችም፣ ባለቤቱ ከታወቀ ዕቃው የሱ ነው ያለው።

የታሪክ_ጥማት

ማንስፊልድ ከተነሳ ሌላም ዶሴ አለ፣ የሚያስቅ አይደለም። ይቅርታ፣ ቤቱን ላቀዘቅዝ ነው።

«ዞርህ» የምትባል የሆላንድ የባሪያ መርከብ ነበረች፣ ስሟ በሆላንድኛ «እንክብካቤ» ማለት ነው። በፌብሩዋሪ 1781 አንድ ፈቃድ ያለው የእንግሊዝ መርከብ ማረካት። ውስጧ ከ240 በላይ አፍሪካውያን ነበሩ፣ እነሱም እንደ ጭነት አብረው ተማረኩ። የሊቨርፑል ነጋዴዎች ገዟት፣ ስሟም «ዞንግ» ሆነ። ከአክራ ስትነሳ 442 ሰው ጭና ነበር። ካፒቴኑ ጃማይካን ሌላ ደሴት መስሎት አለፋት። ከዚያ ውሃ አነሰን ተባለና፣ ከኖቬምበር 29 ጀምሮ 130 ገደማ ሰዎችን በሕይወታቸው ባህር ወረወሯቸው። መሐል ላይ ዝናብ ዘንቧል።

ለንደን የገባው ክስ የግድያ አይደለም። የኢንሹራንስ ነው። ባለቤቶቹ ለእያንዳንዱ ሰው 30 ፓውንድ ይከፈለን አሉ። ጋሼ ትራንዚተሩ የነገሩን ያው ክርክር ነው፣ «የቀረውን ለማዳን ከጭነቱ ጣልን»። በማርች 1783 የመጀመሪያው ችሎት ለነሱ ፈረደ። ኢንሹራንሱ ይግባኝ ሲል ማንስፊልድ እንደገና ይታይ አለ፣ ምክንያቱም ውሃ አልነበረም የሚለው አልጸናም። ጉዳዩ ለጁሪው፣ ከሕዝብ ለተመረጡት ፈራጆች፣ ፈረስ እንደመጣል ሆኖ እንደቀረበ እሱ ራሱ ተናግሯል። ነገሩን ለባርነት ተቃዋሚው ለግራንቪል ሻርፕ ሮጦ የነገረው ኦላውዳ ኤኩዋኖ ነው፣ ራሱ ባሪያ የነበረ ሰው። ሻርፕ በግድያ ይከሰሱልኝ ብሎ ጻፈ። ማንም አልተከሰሰም።

ኩኩ

ስለ ድመቷ ሳወራ የነበረው ያው ዳኛ መሆኑ…

ወደብ_ናፋቂ

ምን እንደምል ጠፋኝ። «ጭነት» የሚለውን ቃል ከላይ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አሁን ቆጠርኩ።

ሰናይት_ዘሆላንድ

ወንድሜ፣ አብሮን ይቆይ ይሄ ነገር። ዝም ብለን አንለፈው።

እኔ ትንሽ ስለ ወረቀቶቹ ልንገራችሁ። ዳኛው እንዳለው ከተያዘ መርከብ ወረቀቱ ሁሉ ፍርድ ቤት ይገባል። ሁሉ ሲባል ሁሉ ነው፣ ካፒቴኑ ለሰው አድርስ የተባለው የግል ደብዳቤም ጭምር። ፍርዱ ካለቀ በኋላ ማንም አልመለሰውም። ዛሬ ለንደን ኪው ብሔራዊ መዝገብ ቤት ውስጥ በ1652 እና 1815 መካከል ከ35,000 በላይ መርከቦች የተወሰደ ወረቀት አለ። ውስጡ ባለቤቱ ጋ ያልደረሰ 160,000 ገደማ ደብዳቤ ነው። የጀርመኑ ኦልደንቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ፎቶ እያነሱት ነው። ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ተከፍተው አያውቁም ነበር። ቁልፍ አለ፣ የጨርቅ ናሙና አለ፣ ዘር አለ። ሚስት ለባሏ «ለምን አትጽፍም?» ትላለች፣ እሱ ጽፎ ነበር፣ ሌላ ሳጥን ውስጥ።

ሌላ ሳንታ ካታሪናም አለች፣ የስም ነገር። በ1748 ሕንድ ውቅያኖስ ላይ እንግሊዞች የያዟት የአርመኖች መርከብ ናት። 1,700 ገደማ ደብዳቤ ይዛ ነበር፣ ብዙው በኢስፋሃን (ፋርስ) የአርመኖች ሰፈር፣ የጁልፋ ነጋዴዎች በራሳቸው ቀበልኛ የጻፉት። ነጋዴዎቹ ገለልተኛ ነን ብለው እስከ ለንደን ሄደው ተሟገቱ። ዛሬ ስለነሱ ንግድ የምናውቀው ብዙው ነገር ስለተቀሙ ነው የቀረልን።

ዳኛው_ይፍረደኝ

ሰናይት ተባረኪ። ለወደብ_ናፋቂ ጓደኛ አንድ የመጨረሻ ምሳሌ ልስጥ፣ «ዳኛ እንዴት ይሄ ይጠፋዋል» ላለው።

1704። ስኮትላንድና እንግሊዝ አንድ ንግሥት አላቸው፣ ፓርላማቸው ግን ለየብቻ ነው። የእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሞኖፖሌን (ብቻዬን የመነገድ መብቴን) ጣሰ ብሎ የስኮትላንድ ኩባንያን መርከብ «አናንዴልን» አስያዘ። ስኮቶች ተናደዱ። በዚያው ዓመት «ዉስተር» የምትባል እንግሊዛዊት መርከብ ኤዲንብራ አጠገብ መልህቅ ጣለች። የስኮትላንዱ ኩባንያ ጸሐፊ ሰዎች ሰብስቦ እንግዳ መስለው ወጡባትና ያዟት። እስከዚህ በቀል ነው፣ ቅድም ያልኩት ዳውላ። ከዚያ ግን ወሬ ተነሳ። መርከበኞቹ ሰክረው አንድ ነገር አወሩ ተባለ፣ ከጠፋች የቆየች «ስፒዲ ሪተርን» የምትባል የስኮት መርከብን የዘረፉ እነሱ ናቸው ተባለ። ማርች 1705 ካፒቴን ቶማስ ግሪንና ሰዎቹ በውንብድና ተፈረደባቸው።

ታዲያ እየተፈረደ ሳለ ከስፒዲ ሪተርን የተረፉ ሁለት መርከበኞች እንግሊዝ ገብተው ቃላቸውን ሰጡ። መርከባችንን ማዳጋስካር ላይ ሌላ ወንበዴ ነው የወሰዳት አሉ። ቃሉ ኤዲንብራ ደረሰ። ንግሥቲቱም አቆዩልኝ አለች። ሕዝቡ ግን መንገድ ሞልቶ የትልቁን ሹም ሠረገላ ሰባበረ። አፕሪል 11 ቀን ግሪንና ሁለት ሰዎቹ በኤዲንብራ ወደብ፣ ሊዝ አሸዋ ላይ ተሰቀሉ። የቀሩትን በኋላ ዝም ብለው ለቀቋቸው።

ዳኛው አልጠፋውም። የውጭው ጩኸት በለጠበት።

ወደብ_ናፋቂ

ክሩን ለጓደኛዬ ልኬለታለሁ። መልሱ፦ «እሺ፣ ግን ሌባ ሌባ ነው»። አትፍረዱበት።

አንድ_ለመንገድ

ይሄ ፈቃድ ያለው ቅሚያ መቼ ነው የቀረው?

ዳኛው_ይፍረደኝ

በ1856 ፓሪስ ላይ ተስማምተው ከለከሉት። አሜሪካ አልፈረመችም።

ባላምባራስ

ጋሽ ትራንዚተሩ፣ ያ የካናዳው ሰው መያዣ ገንዘቡ ተመለሰለት?

ትራንዚተሩ

ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ሒሳቡን የሚሠሩት ሰዎች ገና አልጨረሱም። ባለፈው ሳምንት ደውሎልኝ ነበር፣ ኢሜይል መጣ ወይ ብሎ።